መልስ፦ ለቦንጋ ጫካ ባለ 10 ዋት የእጅ ሬዲዮ ይሻላል ወይ?

ጫካ ውስጥ ከጓደኛህ ጋር ስታወራ ሬዲዮህ ስለሚቆራረጥ ባለ 10 ዋት ልግዛ ወይ ብለሃል። እሱን ተወው፤ ቪኤችኤፍ (ዝቅ ባለ ድግግሞሽ የሚሠራ ሬዲዮ) ግዛ። ባለ 5 ዋት ዩኤችኤፍ (ከፍ ባለ ድግግሞሽ የሚሠራ) ሬዲዮህ አንድ ኪሎ ሜትር ሳትራራቁ የሚቆራረጠው ጉልበት አንሶት አይደለም። ከ400 ሜጋኸርዝ በላይ ያለውን ሞገድ ቅጠል፣ በተለይ ዝናብ የጠጣ ቅጠል፣ ይውጠዋል። ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ ያለው ቪኤችኤፍ ጫካውን በተሻለ ያልፋል። ዋቱን እጥፍ ብታደርገው የምታገኘው 3 ዴሲቤል፣ ማለትም ትንሽ የምልክት ጭማሪ፣ ብቻ ነው፤ ባትሪው ግን ቶሎ ያልቃል። የጓደኛህም ሬዲዮ አብሮ መቀየር አለበት፣ አለዚያ አትሰማሙም።

ቀጥሎ አንቴናው። አብሮ የሚመጣው አጭር ጎማ ደካማ ነው። ወደ 50 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ተጣጣፊ አንቴና ግጠምበት፤ የ150 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት ሩቡ ያ ነው። ስታወራ ቀበቶህ ላይ አትተወው፣ አውጥተህ ፊትህ ጋ ቀጥ አድርገህ ያዘው። ሸለቆ ውስጥ ከሆንክ ግን የትኛውም ሬዲዮ አያወጣህም፤ ወደ ጉብታው ውጣ።

ሬዲዮውን ለመጠቀም ስለሚያስፈልገው ፈቃድ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ቀድመህ ጠይቅ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ እኔ «ውሃ አይገባውም» ተብዬ የገዛሁት በአንድ ዝናብ ሞተብኝ። ጥፋቱ የማዳመጫ መሰኪያዋ የጎማ ክዳን ነበረች፤ ላልታ ተከፍታ ቀርታለች። ሱቅ ውስጥ እያለህ እሷን በጥፍርህ ሞክራት።