ለመጀመሪያ ሰርግህ ካሜራ ስትገዛ፦ ቦዲውን በመጨረሻ አስበው

ጥያቄህን ሌላውም ሰው እንዲከታተል ባጭሩ ልድገመው። በካኖን 250ዲ እና አብሮት በመጣው 18-55 ሌንስ ልደትና ምረቃ ታነሳለህ። ለጥር የመጀመሪያ ሰርግህን ተቀብለሃል። የቆጠብከው ብር ወይ አዲስ ካኖን አር8፣ ወይ ያገለገለ ፋይቭ ዲ ማርክ 3 ይገዛል። የቱ ይሻላል ነው ያልከው።

በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ። ወደ መልሱ ስንመጣ፣ ብሩን በሙሉ ቦዲ (ሌንስ የሌለው ካሜራ) ላይ ካዋልከው አንዳቸውም አይሆኑህም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሌንስ የለህም። 18-55ህ የተሠራው ለክሮፕ ካሜራ፣ ማለትም ምስሉን የሚይዘው ሴንሰር አነስ ላለ ካሜራ ነው። ማርክ 3 ላይ ጭራሽ አይገጥምም። አር8 ላይ በአዳፕተር ይገጥማል፤ ግን ካሜራው ምስሉን ቆርጦ 24 ሜጋፒክስሉን ወደ 9 ያወርደዋል። ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ገዝተህ ፉል ፍሬም አትጠቀምም ማለት ነው። እዚህ ግሩፕ ላይ ስንቱ ነው ቦዲ ይዞ ሌንስ የሚለምነው!

እኔ ለሰርግ ዕቃ ስመርጥ ሁለት ነገር ነው የማየው። አንደኛ፣ የቀኑ በጣም ጨለማ ሰዓት ላይ ያነሳልኛል ወይ? ሁለተኛ፣ መሀል ላይ አንዱ ዕቃ ቢሞትብኝ በምን እጨርሳለሁ? ሙሽሪት ከአባቷ ቤት ስትወጣ "አንዴ ተመለሺና ድገሚው" አይባልም። (የሚሉ አሉ፤ እናቶች ግን ይታዘቧቸዋል።)

ጨለማው ሰዓት የምልህ ማታ አዳራሽ ውስጥ እንዳይመስልህ። ንጋት ላይ ነው። ሙሽሮቹ ተክሊል ከሆኑ ቅዳሴው ገና ጎህ ሳይቀድ ይጀመራል። ጫማህን በር ላይ አውልቀህ ገብተሃል። ሙሽሮቹ ካባ ደርበው ቆመዋል። ያለህ ብርሃን ጧፍና ከላይ የተንጠለጠለ አምፖል ነው። ፍላሽ ብዙ ቦታ አይፈቀድም፤ ቢፈቀድም እኔ ካህን ፊት ላይ አላበራም። እንደ ልብህ መዘዋወርም የለም። አክሊሉ ሲደፋላቸው የቆምክባት ቦታ ላይ ነህ፣ አለቀ። እና 18-55ህን ወደ 55 ስትስበው አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) 5.6 ይሆናል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። አጠገብህ 2.8 ሌንስ የያዘ ሰው ቢኖር አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። እሱ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 የጨረሰውን አንተ 12800 ትገባለህ፤ 250ዲ ደግሞ 12800 ላይ ፊት ሳይሆን አሸዋ ነው የሚሰጥህ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢህ 50ሚሜ 1.8 ይሁን። ከካኖን ሌንሶች ሁሉ ርካሹ የሚባል ነው። ከ5.6 ጋር ሲነጻጸር ወደ አስር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። 250ዲ ላይ እንደ 80ሚሜ ስለሚሆን ለፊት ፎቶ ያምራል። ኢኤፍ የሚባለውን (ለካኖን ዲኤስኤልአር የተሠራውን) ከገዛህ ማርክ 3 ላይ በቀጥታ ይገጥማል፣ አር8 ላይም በአዳፕተር። ቤተክርስቲያኑን በዚህ ትወጣዋለህ።

ዋናው ሌንስህ ግን 24-70 2.8 ነው። የካኖን፣ የታምሮን፣ የሲግማ አለ፤ ያገለገለ ብትገዛ ምንም አይልም። 24ቱን የምትፈልገው ጠባብ ሳሎን ውስጥ ነው። የመልስ ቀን አስበው። ሶፋው ተደርድሮ፣ ዘመድ ጥግ ድረስ ሞልቶ፣ ሙሽሮቹ የወላጅ ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ጀርባህ ግድግዳ ነክቷል። 50ሚሜ ብቻ ከያዝክ የእናትየው ፊት ከገባ ሙሽራው ይወጣል። 70-200ን (ከሩቅ የሚስበውን ሌንስ) አሁን እርሳው። ለአንድ ቀን ይከራያል።

አሁን ፍላሽ። ብዙ ጀማሪ ፍላሽን በመጨረሻ ነው የሚገዛው፤ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። የአዳራሽ ፎቶ ጥሩ የሚሆነው በቦዲ ሳይሆን በፍላሽ ነው። ጎዶክስ ቪ860 ያዝ፤ የራሱ ሊትየም ባትሪ ስላለው ድንጋይ ባትሪ እየቀየርክ ኬክ መቁረሱ አያመልጥህም። ፍላሹን ሰው ፊት ላይ አታነጣጥር። ጣሪያው ነጭና ዝቅ ያለ ከሆነ ወደ ላይ፣ ካልሆነ ከኋላህ ወዳለው ነጭ ግድግዳ አዙረው። ድንኳን ከሆነ ተጠንቀቅ። ቢጫ ድንኳን ላይ ያነጠርከው ብርሃን ቢጫ ሆኖ ነው የሚመለሰው፤ ሙሽሪትን የወባ በሽተኛ ያስመስላታል። እንደዚያ ዓይነት ቦታ ሁለተኛ ፍላሽ ስታንድ ላይ አድርገህ በትሪገር (ካሜራው ላይ ሆኖ ከርቀት በሚያበራው) ማብራት ይሻላል። ጎዶክስ ቲቲ600 ለዚህ ይበቃል፤ ርካሽ ነው።

ጭፈራ ላይ የሻተሩን ፍጥነት 1/60 ሰከንድ አካባቢ አድርገህ ፍላሹን ጨምርበት። የዲኮሩ መብራት ከኋላ ይታያል፣ ሰውዬውም በፍላሹ ቀጥ ይላል። እስክስታ በፍላሽ ካልሆነ ግን 1/250 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ትከሻ ቀልድ አያውቅም። ከቪዲዮው ልጅ ጋር ደግሞ ጠዋት ላይ ተዋወቅ። ጭፈራው ላይ ዋናው ብርሃን ብዙ ጊዜ የሱ ላይት ነው። ከየት እንደሚያበራ ካወቅህ ግማሹ ሥራ ተሠራ።

ስለ ኤልኢዲ መብራት አንድ ነገር ላንሳ፣ አር8ን ያሰብከው "ድምፅ የለውም" ተብሎ ስለሆነ። እውነት ነው፣ በኤሌክትሮኒክ ሻተር ምንም ድምፅ አያሰማም፤ ለቅዳሴ አሪፍ ነው። ግን የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ መቶ ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ድምፅ አልባው ሻተር ፍሬሙን ከላይ ወደ ታች ስለሚያነብ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር መስመር ይወጣብሃል። በስልክህ ቪዲዮ ስትቀርጽ የምታየው ዓይነት። ሻተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ካደረግህ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ካልጠፋ ድምፅ አልባውን አጥፋው።

ሌላው ራስ ምታት ነጭ ልብስ ነው። ቬሎ፣ ነጠላ፣ ሀበሻ ቀሚስ። ካሜራው ነጭ በነጭ ሲያይ በጣም በራ ብሎ ያጨልመዋል፤ ያኔ ፊት ይጠቁራል። አንተ ፊቱን ብለህ ስትጨምር ደግሞ የጥበቡ ጥለት ይነጣና ይጠፋል። እናቶች መጀመሪያ የሚያዩት ጥለቱን ነው! በሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) አንሳ፣ ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ግራፍ) አብራ፣ ነጩ ሳይቃጠል ፊቱን ኤዲት ላይ አውጣው። ይህን ለማድረግ አዲስ ካሜራ አያስፈልግህም።

እሺ፣ ቦዲው። ፎከስ ላይ አር8 ማርክ 3ን ያስከነዳዋል። ዓይን ፈልጎ ይይዛል፣ አይኤስኦውም ንጹሕ ነው። ባትሪውም የ250ዲህ ባትሪ ነው፤ ግን ቶሎ ይጠጣዋል፣ ሦስት አራት መያዝ አለብህ። ዋናው ችግሩ ሌላ ነው። የካርድ ማስገቢያው አንድ ብቻ ነው። ካርድ ከተበላሸ ሰርጉ የለም። ማርክ 3 እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አሮጌ ነው፤ ግን ሁለት ካርድ ይይዛል፣ እንደ ብረት ጠንካራ ነው። አንዱ ማስገቢያ ለሲኤፍ ካርድ፣ ሌላው ለኤስዲ ካርድ ነው፤ ኤስዲው ዘገምተኛ ስለሆነ ሮውን በሲኤፉ፣ ጄፔጉን በኤስዲው አስቀምጥ።

በእኔ ፍርድ፣ ከሁለቱ አንዱን በል ካልከኝ ማርክ 3 ከ24-70 እና ከአንድ ፍላሽ ጋር። 250ዲውን አትሽጠው፤ 50ሚሜው ተገጥሞለት አንገትህ ላይ ይዋል። ሁለተኛ ካሜራህ እሱ ነው። ትንሽ ብር ከተገኘ ደግሞ ያገለገለ አር6 ፈልግ። ሁለት ካርድ ይይዛል፣ ፎከሱ የአዲሱ ትውልድ ነው፣ የእጅ መንቀጥቀጥም ራሱ ቦዲው ይቀንሳል።

ዋጋ ሆን ብዬ አልጠቀስኩም። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የጻፍኩት ቁጥር ዕድሜ አይኖረውም። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ግን ከአሁኑ ተነጋገር፤ ጥር ሲደርስ ሁሉም ያንኑ ዕቃ ነው የሚፈልገው።

ያገለገለ ስትገዛ ካርድና ፍላሽ ይዘህ ሂድ። ሁለቱም ማስገቢያ ላይ ካርድ አስገብተህ አንሳ። ፍላሹን ራሱ ላይ ሰክተህ መብራቱን አረጋግጥ። ነጭ ግድግዳ በአፐርቸር 16 አንሳ፤ ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ ካለ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሌንሱን በስልክ ባትሪ መብራት ከኋላ አብራበት፤ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው፣ ተወው። አፐርቸሩን ሙሉ ከፍተህ የሰው ዓይን ላይ ፎከስ አድርግና አጉልተህ እይ፤ ዓይኑ ደብዝዞ ጆሮው ከጠራ ችግር አለ። ማርክ 3 ሻተሩ ለ150,000 ፎቶ ያህል የተሠራ ነው። ከዚያ ያለፈ ሁሉ ይሞታል ማለት አይደለም፣ ግን ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ መከራከሪያ ነው።

ካርድ አስመስለው የሚሠሩት ብዙ ነው። አዲስ ስትገዛ ሙሉ በሙሉ ሞልተህ ኮምፒውተር ላይ ሁሉንም ክፈታቸው። ላዩ ላይ 128 ጊጋ ተጽፎ 16 ላይ የሚያልቅ አለ። ለመጀመሪያ ሰርግ በአንድ ትልቅ ካርድ ፋንታ ብዙ 64ቶች ይሻሉሃል። ማታ ቤት ስትገባ ሁለት ቦታ ሳትገለብጥ አትተኛ፤ ካርዶቹንም አልበሙ እስኪረከብ አታጥፋቸው።

ቀብድ ከመክፈልህ በፊት የዕቃውን ፎቶና የሻተር ቁጥሩን (እስካሁን ስንት ፎቶ እንዳነሳ) እዚሁ ለጥፈው፣ ሰው አይቶ ይነግርሃል። ያ 24-70 ካልተገኘልህም ለሰርጉ ቀን ኪራዩን ከአሁኑ አስይዝ፤ ጥር ላይ ቅዳሜና እሁድ አይገኝም።