ከሚረርለስ ካሜራ ጋር የመጀመሪያ ትውውቅ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ከዲኤስኤልአር (በውስጡ መስታወት ካለው ካሜራ) ወደ ሚረርለስ (መስታወት አልባ) ካሜራ በቅርቡ የተሸጋገሩ አንባቢያን የላኩልንን ጥያቄዎች በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናል። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ አብዛኞቹ የሚመነጩት ከአንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በአዲሱ ካሜራ ቪውፋይንደር (ዓይን የሚያርፍበት መመልከቻ) ውስጥ የሚታየው በስክሪን ላይ የቀረበ ምስል መሆኑን ገና ካለመለማመድ ነው።

ጥያቄ፦ በዲኤስኤልአር ለብዙ ዓመታት ስሠራ ቆይቼ አሁን ሚረርለስ ገዝቻለሁ። ቅለቱን ወድጄዋለሁ፤ ሆኖም በቪውፋይንደሩ ስመለከት ቴሌቪዥን የማይ ይመስለኛል፤ ብርሃን ባነሰበት ክፍል ደግሞ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ያህል ይሻክራል። ከሁሉ የከፋብኝ ግን ሳነሣው ብሩህ የነበረው ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ጨልሞ መገኘቱ ነው። ካሜራው ብልሽት ይኖርበት ይሆን?

መልስ፦ ከገለጻዎ እንደተረዳነው ካሜራዎ ጤነኛ ነው። በዲኤስኤልአር በሌንሱ የገባው ብርሃን ከሴንሰሩ (ብርሃኑን ወደ ምስል ከሚለውጠው ክፍል) ፊት ለፊት ባለው መስታወት ወደ ላይ ተንጸባርቆ፣ በፕሪዝም በኩል አልፎ ዓይንዎ ዘንድ ይደርስ ስለነበር፣ የሚያዩት ትዕይንቱን ራሱን ነበር። በሚረርለስ መስታወቱ ስለሌለ ብርሃኑ በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ ካሜራውም ሴንሰሩ የተቀበለውን አንብቦና አቀነባብሮ በቪውፋይንደሩ ውስጥ ባለች ትንሽ ስክሪን ላይ ያሳይዎታል። ፓናሶኒክ በ2008 እ.ኤ.አ. ጂ1 የተባለውን ካሜራ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ የእነዚህ ስክሪኖች ጥራትና ፍጥነት በእጅጉ ተሻሽሏል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

ሻካራነቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ምስሉን እንዲታይዎ ለማድረግ ደካማውን ምልክት ያጎላዋል፤ አብሮም ኖይዙ፣ ማለትም እንደ አሸዋ የሚታየው ነጠብጣብ፣ ይጎላል። በዚያ ላይ ስክሪኑ በሰከንድ 60 ወይም 120 ጊዜ መታደስ ስላለበት፣ ካሜራው ብዙውን ጊዜ የሴንሰሩን መስመሮች እየዘለለ ያነባል። ፎቶውን ሲያነሡ ግን ሴንሰሩ በሙሉ ስለሚነበብ፣ በቪውፋይንደሩ ያዩት ሻካራነት በዚያው መጠን ፎቶው ላይ አያገኙትም።

የፎቶው መጨለም ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። በጨለማ ክፍል የዓይንዎ ብሌን ስለሚሰፋ፣ ዙሪያው በጥቁር የተከበበው ትንሹ ስክሪን ከእውነቱ ይልቅ ብሩህ ሆኖ ይታይዎታል፤ እርስዎም «ይበቃል» ብለው ብርሃኑን ይቀንሳሉ፤ ያነሡት ፎቶ በቂ ብርሃን ያላገኘ መሆኑን የሚረዱት ከኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ ነው። በመሆኑም የቪውፋይንደሩን ብሩህነት ከአውቶማቲክ አውጥተው በመካከለኛ ደረጃ ያጽኑት። በራው (ካሜራው ባላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) የሚያነሡ ከሆነ ሌላም ምክንያት ይጨመራል፤ ቪውፋይንደሩ የሚያሳየው በካሜራው የቀለምና የንጽጽር ምርጫ የተቀነባበረውን የጄፔግ መልክ ሲሆን፣ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ግን ራው ፋይሉን በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል። በካሜራው ሜኑ ውስጥ ለስለስ ያለውን የምስል ስታይል መምረጥ ልዩነቱን ያጠብበዋል።

ከሁሉም በላይ የምንመክረው ግን ብሩህነትን በዓይን መገመት ትተው ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) በቪውፋይንደሩ ውስጥ እንዲያበሩ፣ ካሜራዎ ካለውም ከልክ በላይ የደመቀውን ቦታ የሚጠቁመውን «ዜብራ» የተባለ የመስመር ምልክት እንዲጠቀሙ ነው። ለምሳሌ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ሲያነሡ፣ መስመሮቹ ብርሃን በቀጥታ ባረፈበት የልብሱ ትከሻ ላይ ብቅ እስኪሉ ድረስ ኤክስፖዠሩን (ፎቶው የሚያገኘውን የብርሃን መጠን) ከፍ ያድርጉ፤ ልክ ብቅ ሲሉ ማዞሪያውን አንድ ደረጃ ብቻ ወደ ኋላ ይመልሱት። ሂስቶግራሙም ሆነ ዜብራው የሚሰላው ከጄፔጉ ስለሆነ በራው ፋይሉ ውስጥ ጥቂት ትርፍ ይኖርዎታል። በእኛ አስተያየት፣ ፎቶውን አንሥቶ ከመመልከትና ደግሞ ከማንሣት ይልቅ ገና ቁልፉ ሳይጫን ልኩን ማወቅ መቻል፣ ከክብደቱ መቀነስ ይበልጥ ለዚህ ካሜራ ገንዘብ የሚያስወጣ ጥቅም ነው።

ጥያቄ፦ በስቱዲዮ ፍላሽ ስሠራ ቪውፋይንደሩ ድቅድቅ ጨለማ ይሆንብኛል፤ ፎቶው ግን በትክክል ይወጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን)፣ 1/160 ሰከንድ እና አይኤስኦ 100 (የብርሃን ትብነት መጠን) ላይ ሆነው ከሆነ፣ ካሜራው ፍላሹ እንደሚበራ ሳያስብ በክፍሉ ብርሃን ብቻ የሚወጣውን ፎቶ እያሳየዎት ነው። የኤክስፖዠር ቅድመ ዕይታን ሲያጠፉት ምስሉ ይበራልዎታል፤ በሜኑው ውስጥ ያለው ስያሜ ከአምራች አምራች ይለያያል። ይህን ቅንብር በአንድ ቁልፍ ላይ መድበው ቢያስቀምጡት ይመረጣል፤ ውጭ ወጥተው ሲሠሩ መልሰው ካላበሩት ከላይ የጠቀስነውን ጥቅም ያጣሉና።

ጥያቄ፦ ድምፅ አልባውን ሹተር በጣም ወድጄው ነበር፤ ነገር ግን በአዳራሽ ውስጥ ያነሣኋቸው ፎቶዎች ላይ ጥቁርና ቢጫ ዝንጉርጉር መስመሮች ታዩ።

መልስ፦ ድምፅ አልባው ሹተር ኤሌክትሮኒክ ነው፤ በእርሱ ሴንሰሩ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ይነበባል እንጂ ሁሉም መስመር በአንድ ቅጽበት አይነበብም። ንባቡ በሚካሄድበት ጊዜ በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚሠራ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅና ደብዘዝ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ መብራቱ በደመቀበት ቅጽበት የተነበቡት መስመሮች ብሩህ፣ በደበዘዘበት የተነበቡት ጨለማ ይሆናሉ። 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ መምረጥ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል፤ ኤሌክትሪኩ 60 ኸርዝ በሆነበት አገር ደግሞ ወደ 1/120 ወይም 1/60 የቀረበውን ይምረጡ። አንዳንድ የኤልኢዲ መብራቶች ግን ከዚህ እጅግ በፈጠነ ድግግሞሽ ስለሚበሩና ስለሚጠፉ ይህ ዘዴ አይበግራቸውም፤ ያኔ በሚንቀሳቀስ መጋረጃ ወደሚሠራው ሜካኒካል ሹተር መመለስ ነው። በፍጥነት የሚሽከረከር ወይም የሚወዛወዝ ነገር ተጣሞ የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ጉድለት የሁሉም ካሜራ አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ኒኮን ዜድ9 ሴንሰሩን በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚያነብ ሜካኒካል ሹተር ጭራሽ የለውም፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ሶኒ ኤ9 3 ደግሞ ሁሉንም መስመሮች በአንድ ጊዜ ይመዘግባል። ሁለቱም ውድ የባለሙያ ካሜራዎች ስለሆኑ፣ ለብዙዎቻችን ድምፅ አልባው ሹተር ብርሃኑ በማይርገበገብበትና ርዕሰ ጉዳዩ ረጋ ባለበት ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ሆኖ ይቆያል።

ጥያቄ፦ ካሜራው ዓይንን ለይቶ ፎከስ ማድረጉ አስደንቆኛል። ነገር ግን ሰዎች በቡድን ሲሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘልላል፤ ከኋላ ያሉትም ይደበዝዛሉ።

መልስ፦ አድናቆትዎ ተገቢ ነው። ዲኤስኤልአር ፎከስ የሚለካው ከሴንሰሩ በተለየ ክፍል ስለነበር፣ በ85 ሚሊሜትር ሌንስ ኤፍ 1.8 ላይ የቅርብ ፎቶ ሲነሣ ዓይኑ ደብዝዞ ጆሮው የሚጠራበት ጊዜ ነበር። ሚረርለስ የሚለካው ፎቶውን በሚያነሣው ሴንሰር ላይ ስለሆነ ያ መዛነፍ ከሞላ ጎደል ቀርቷል። መዝለሉን ለማስቆም ካሜራው ሙሉውን ፍሬም እንዲያስስ ከመተው ይልቅ የፎከስ ክልሉን አጥብበው በሚፈልጉት ሰው ላይ ያሳርፉት። የኋላው ረድፍ መደብዘዝ ግን የሌንስ ሕግ እንጂ የካሜራው ጥፋት አይደለም፤ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 5.6 ወይም ኤፍ 8 ያጥብቡ።

ጥያቄ፦ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። የቀድሞ ሌንሶቼንስ በአዳፕተር ልጠቀምባቸው ወይስ ልሽጣቸው?

መልስ፦ ባትሪውን በዋናነት የሚጨርሰው ሴንሰሩና ስክሪኑ ሳያቋርጡ መሥራታቸው ነው። በአምራቾች የጋራ መለኪያ ኒኮን ዲ850 በአንድ ባትሪ 1840 ፎቶ ሲመዘገብለት፣ ተቀራራቢ ባትሪ ያለው ሚረርለሱ ዜድ7 330 ብቻ ተመዝግቦለታል። መለኪያው ስክሪኑ በርቶ በዝግታ የሚነሣን ፎቶ ስለሚቆጥር፣ በተከታታይ ለሚያነሣ ሰው ቁጥሩ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሆናል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ካሜራው አንገትዎ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ልብስዎ ዓይን መቅረቡን የሚለየውን መሣሪያ ሲጋርደው፣ ካሜራው እየተመለከቱ መስሎት ቪውፋይንደሩን አብርቶ ሊቆይ ይችላል። በማያነሡበት ጊዜ ማጥፋትን ልማድ ያድርጉ፤ አንድ ትርፍ ባትሪም ይያዙ።

ሌንሶቹን ለመሸጥ አይቸኩሉ። መስታወቱ በመውጣቱ በሌንስ ማሰሪያውና በሴንሰሩ መካከል ያለው ርቀት በካኖን ከ44 ወደ 20 ሚሊሜትር፣ በኒኮን ከ46.5 ወደ 16 ሚሊሜትር ወርዷል፤ አዳፕተሩ ይህን ትርፍ ቦታ የሚሞላ ባዶ ቀለበት ነው። በውስጡ የሌንስ ብርጭቆ ስለሌለው የምስሉን ጥራት አይቀንስም። የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች በካኖን አዳፕተር አውቶፎከሳቸው ይሠራል። የኒኮኑ ኤፍቲዜድ አዳፕተር ግን የፎከስ ሞተር ስለሌለው፣ በካሜራው ሞተር ይንቀሳቀሱ የነበሩት የቆዩ ኤኤፍ-ዲ ሌንሶች በእጅ ብቻ ነው ፎከስ የሚደረጉት። ለእነዚህ የጠሩ ጠርዞችን በቀለም የሚያሳየውን የፎከስ ፒኪንግ አብርተው፣ ርዕሰ ጉዳዩን በቪውፋይንደሩ ውስጥ አጉልተው ቀለበቱን በዝግታ ያዙሩ። ሌንስ ሲቀይሩም ካሜራውን አጥፍተው አፉን ወደ ታች ይድፉት፤ ከፊቱ መስታወት የሌለው ሴንሰር አቧራን በቀላሉ ይቀበላል።