ድብርቱ ለቀቀኝ፤ ጭንቅላቴ ግን ገና ነው

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምሠራው ሒሳብ ክፍል ነው። ለከባድ ድብርት አሚትሪፕቲሊን ታዝዞልኝ መውሰድ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። አሁን እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከሰው ጋር እስቃለሁ። ሥራ ላይ ግን አንዱን ደረሰኝ ሦስቴ አየዋለሁ። ቁጥሩ ወደ ኮምፒውተሩ ዞር እስክል ይጠፋብኛል። እንዲህ ሆኜ ልቀር ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ስሜት ቀድሞ ይመለሳል፤ ትኩረትና የማሰብ ፍጥነት ግን ለወራት ወደኋላ ሊቀሩ ይችላሉ። ስንፍና እንዳይመስልሽ። በአንቺ ዕድሜ የመርሳት በሽታ ነው ብለሽም አትስጊ። ቁጥሩን የረሳሽው ሊመስልሽ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን መጀመሪያውኑ በደንብ አልተያዘም። ድብርት ክፉኛ የሚነካው ትኩረትን ነው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ መድኃኒቱ ነው። አሚትሪፕቲሊን ድብርትን በደንብ ያክማል። ነገር ግን አእምሮ ለትኩረትና ለማስታወስ የሚጠቀምበትን አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ሥራ ያግዳል። አፍሽ ይደርቃል? ሆድሽ ይደርቃል? ጠዋት ጠዋት ያፈዝሻል? እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱም እጁ ሊኖርበት ይችላል። ሐኪምሽ መጠኑን ወይም የምትወስጂበትን ሰዓት ሊያስተካክልልሽ፣ ወይም እንደ ፍሉኦክሰቲን ወዳለ ሌላ መድኃኒት ሊያዛውርሽ ይችላል። አደራ፣ በራስሽ አታቁሚው! በድንገት ሲቋረጥ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል፤ ድብርቱም ሊያገረሽ ይችላል። ሕክምናው ደህና ከሆንሽ በኋላም ቢያንስ 6 ወር መቀጠል አለበት።

በዚያው የደም ማነስ፣ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ይታዘዝልሽ። የሦስቱም ጉድለት ጭንቅላትን ያደነዝዛል። ሌሊት በኃይል የምታንኮራፊ ከሆነም ንገሪው። መጠጥና ጫት ካለ አትደብቂ።

እስከዚያው ከባዱን ሥራ ጭንቅላትሽ በሚነቃበት ሰዓት አድርጊው። ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺ። የደረሰኙን ቁጥር ድምፅ አውጥተሽ አንብቢና ወዲያው ጻፊው። ሃያ ደቂቃ ከሠራሽ ተነስተሽ ትንሽ ዘወር ዘወር በይ፤ ሲቀልሽ ደቂቃውን ጨምሪ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ለስሜትም ለአእምሮም ይጠቅማል። ታክሲውን አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድም ይቆጠራል።

ሐዘኑ ከተመለሰ፣ በተለይ “ምነው በሞትኩ” የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ ያኔውኑ ሂጂ።

ሐኪምሽ ዘንድ ስትቀርቢ “ይረሳኛል” ብቻ እንዳትዪ። የደረሰኙን ነገር ለእኔ እንደጻፍሽው አድርገሽ ንገሪው፤ መድኃኒቱን የምትወስጂበትን ሰዓትም ጽፈሽ ያዢ።