ስለ ባቄላ ጠይቁኝ

ትናንት ፒያሳ ካለች ትንሽ እህል ቤት አንድ ኪሎ ባቄላ ገዛሁ። አራት ኪሎ ቢሮዬ ገብቼ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩትና በቀለም ለየሁት። አረንጓዴ፣ ግራጫ፣ ቡናማ፣ ጥቂት ጥቁር። ያየኝ ሁሉ ጥያቄ ጀመረ። ዘር ማሻሻል እንጀራዬ ስለሆነ እናንተም ጠይቁኝ።

ጥ፦ ነጋዴው ቀላቅሎብህ ይሆን?

መ፦ ሊሆን ይችላል፤ ግን ማሳው ላይም ድብልቅ ነው። ባቄላ ከፊሉ በራሱ፣ ከፊሉ ንብ ከጎረቤት ማሳ በምታመጣው የአበባ ዱቄት ይራባል። ስለዚህ የገበሬ ዘር አንድ ወጥ አይሆንም። ለቆሎ ያስቸግራል፤ ትንሹ ሲያር ትልቁ ገና ጥሬ ነው። ለእኛ ግን ሀብት ነው። አንዱ ውርጭ ይችላል፣ ሌላው ውሃ በተኛበት ዋልካ መሬት ይቆማል። የምናዳቅለው ከዚያ መርጠን ነው።

ጥ፦ ፕሮቲን የሚበዛው የቱ ቀለም ነው?

መ፦ በቀለም አይታወቅም። ደረቅ ባቄላ ከ100 ግራም ውስጥ 26 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፣ መሬቱም ይለውጠዋል። ይልቅ አበባውን እዩ። ጥቁር ነጥብ የሌለው፣ ጥርት ያለ ነጭ ከሆነ ፍሬው ታኒን የለውም ማለት ይቻላል። ታኒን አፍ የሚያደርቅ የተክል ንጥረ ነገር ነው፤ ፕሮቲንና ብረት አስሮ ይይዛል። «ታዲያ አጥፉልን» እንዳትሉኝ! አፈር ውስጥ ዘሩን ከመበስበስ የሚጠብቀውም እሱ ነው። ደግሞ አብዛኛው ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ክክ ካደረጋችሁት የእኛን የዓመታት ሥራ ወፍጮ ቤት ጨረሳችሁት።

ጥ፦ ንፍሮ ይሻላል ጉንቁል?

መ፦ እትዬ፣ እኔ ለጉንቁል አደላለሁ። ሲጎነቁል ብረትና ዚንክ የሚያስረው ፋይቴት ይቀንሳል። ሽሮውንም በእንጀራ ይብሉት፤ ባቄላ ላይሲን ይሰጣል፣ ጤፍ ደግሞ ባቄላ የሚያንሰውን ሜታዮኒን ይሞላል፤ ሁለቱም ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጡቦች ናቸው።

ጥ፦ ሆድ መንፋቱስ?

መ፦ «ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» የተባለው በከንቱ መሰላችሁ? አንጀት የማይፈጨው ስኳር አለው። ዘፍዝፉትና ውሃውን ድፉት።

ጥ፦ ጂን ባንክ (የዘር ማከማቻ) ካለ ገበሬው አሮጌ ዘር ለምን ይዝራ?

መ፦ አዲስ አበባ ያለው ባንክ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዘር ይሰበስባል፤ ሥራውም ትልቅ ነው። ግን ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተኛ ዘር ከበሽታ ጋር አይታገልም። በቅርብ ዓመታት በደጋው ቅጠል የሚያሳብጥ የባቄላ በሽታ ተስፋፍቷል። የትኛው ዘር እንደሚቋቋመው የሚለየው ማሳ ላይ ነው።

ጥ፦ የለየኸውን ኪሎ ምን አደረግከው?

መ፦ 11 ጥቁር ፍሬ ፖስታ ውስጥ አስቀምጫለሁ። የቀረው ተዘፍዝፏል፤ ከነገ ወዲያ ጉንቁል ነው።