ከደንገጎ እስከ ደቻቱ፦ አንድ ጎርፍ፣ ሦስት ኪስ

ይድረስ በድሬዳዋና በሐረር የፕላንና የበጀት ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች፤

«በጀቱ ካነሰ ከተማው ይቅደም ወይስ ገጠሩ?» የሚለው ጥያቄያችሁ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰ። ወደ በጀት ሠንጠረዡ ከመሄዳችን በፊት ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ እንይ።

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ወደ ከፊራ የሚሄደው ገበያተኛ በእግሩ ያቋርጠዋል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን ሰው በተኛበት ደራሽ ውሃ ገባ፤ ከ250 በላይ ነፍስ ጠፋ፣ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። ውሃው የወረደው ከደጋው ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፣ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ተራራማው ደንገጎ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ተዳፋቱ ዛፍና ሣር ሲያጣ ዝናቡ አይሰርግም፤ ድንጋይና አፈር ይዞ በሰዓታት ውስጥ ታች ይደርሳል።

ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ግንቡ ያስፈልግ ነበር። ቁጭቱ ሌላ ነው፤ በመዝገብ ላይ ግንቡ «ከተማ» ነው፣ ተዳፋቱ «ገጠር» ነው፣ የተፋሰሱ፣ ማለትም ውሃው ተሰብስቦ ወደ ደቻቱ የሚወርድበት መሬት፣ ከፊል ደግሞ ምሥራቅ ሐረርጌ ስለሆነ ከድሬዳዋ አስተዳደር መዝገብ ጭራሽ ውጭ ነው። ለአንድ ጎርፍ ሦስት ኪስ። ግንቡም ቢሆን ተሠርቶ አያበቃም። ጎርፍ በመጣ ቁጥር አሸዋ ይተኛል፤ የወንዙ ወለል ግማሽ ሜትር ከፍ ካለ ግንቡ ማንም ሳይነካው ግማሽ ሜትር አጠረ። ጠረጋው ከመደበኛ በጀት ይወጣል፣ ከመደበኛ በጀት ደግሞ ደመወዝ ከተነሳ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ተፋሰሱን በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጡት፤ ግንቡ፣ ጠረጋውና ተዳፋቱ ጎን ለጎን ይታዩ።

ተዳፋቱ ላይ፣ ጎርፉን ለማዘግየት ሸለቆውን አቋርጦ የሚሠራው የድንጋይ ክትርም ሥርዓት አለው። ከሸለቆው ራስ ይጀመራል እንጂ ከታች አይጀመርም። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል ይሆናል። መሃሉ ከጫፎቹ ዝቅ ይላል፤ ካልሆነ ውሃው ዳሩን ሰርስሮ ክትሩን ትቶት ይሄዳል። ጫፎቹ ግራና ቀኝ መሬት ውስጥ ይቀበራሉ። ውሃው የሚወድቅበት ቦታ ድንጋይ ካልተነጠፈ መሠረቱ ይቦረቦራል። ዘንድሮ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን» ብሎ ፎቶውን በቴሌግራም የሚልክ ወጣት በዝቷል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ስንቱ እንደቆመ ወጥቶ የሚቆጥር ግን አይገኝም።

ወደ ክፍፍሉ ስንመጣ፣ ቁጥር ብቻውን ዳኛ አይሁን። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ድሬዳዋ 341,834 ሰው ነበራት፤ ከዚህ ውስጥ 233,224ቱ ከተሜ ነው፣ የገጠሩን እጥፍ ያህል። አሁን የሁለተኛውን የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የውሃ መለኪያ አምጡና አባዙት፤ ድሬን ለሚያክል ከተማ በቀን በነፍስ ወከፍ 80 ሊትር፣ ለገጠር 25 ሊትር። ከተማው 18.7 ሚሊዮን ሊትር፣ ገጠሩ 2.7 ሚሊዮን ሊትር ይደርሰዋል። እጥፍ የነበረው ልዩነት ማንም ሳይዋሽ ሰባት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። በዚያ ላይ የጉድጓድ ቁፋሮ ዋጋ 300 ሰው ቢጠጣበትም 3,000 ሰው ቢጠጣበትም ብዙ አይለይም፤ በነፍስ ወከፍ ሲካፈል ገጠሩ ሁልጊዜ ውድ ይመስላል። ቁጥር አትመኑ ብዬ በቁጥር ማስረዳቴን እናንተው አስታርቁት።

ሐረርንም አትርሱ። ሐረር ትጠጣው የነበረውን ሐረማያ ሐይቅ የጨረሰው ደለል፣ የጫትና የአትክልት መስኖ፣ የከተሞችም ቧንቧ ነው። ሐይቁ ሲደርቅ ሐረር ውሃ ፍለጋ የሄደችው ወደ ድሬዳዋ ገጠር፣ ወደ ሀሰሊሶ ነው። ያ ውሃ ደንገጎን በፓምፕ ይወጣል። ቧንቧው አንድ ጊዜ በካፒታል (በግንባታ) በጀት ተዘረጋ፤ የመብራቱ ሂሳብ ግን በየወሩ ይመጣል። ለሐይቁ ዳር እርከን ቀድሞ ቢከፈል ኖሮ የትኛው ይረክስ እንደነበር አስሉት።

ቀኑንም ያዙ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፣ የክትር ጊዜ ግን ጥርና የካቲት ነው፤ አጨዳ አልቆ፣ የበልግ ዝናብ ሳይጀምር። ጨረታው መስከረም ላይ ካልወጣ የጋቢዮኑ፣ ማለትም ድንጋይ የሚሞላበት ሣጥን፣ ሽቦ ሚያዝያ ይደርሳል። ያኔ ገንዘቡ ሰኔ 30 ተመላሽ እንዳይሆን ግንቦትና ሰኔ ላይ በጥድፊያ ይደረደራል፤ ሐምሌ ሲገባ ድንጋዩን ደቻቱ ውስጥ ታገኙታላችሁ።