የእናት «ኤ»፦ ከሆምስኩል ወደ ኮሌጅ

ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ (ሆምስኩል የሚሉት) ወላጆች ጥያቄ ሰሞኑን በዝቶብኛል። ሁሉም ከአሜሪካ ነው፤ አንዱ ብቻ ከአዲስ አበባ።

«ልጄን ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ትራንስክሪፕት አምጪ ይሉኛል። ከየት ላምጣ?» (እናት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ራስሽ ትጽፊዋለሽ፣ እህቴ። ትምህርት ቤቱም ሬጅስትራሩም አንቺ ነሽ። የላክሽልኝን ረቂቅ አየሁት። «ሒሳብ፦ በጣም ጥሩ። ሳይንስ፦ በጣም ጥሩ። ጠባይ፦ እጅግ በጣም ጥሩ።» የልጅነት ካርዴን አስታውሶኝ ሳቅኩ። ግን አይበቃም። ሒሳቡ አልጀብራ 2 ነው ወይስ ጂኦሜትሪ? የትኛውን መጽሐፍ ጨረሰች? ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በየዓመቱ ለይተሽ ጻፊው። ዓመቱን ሙሉ ለተማረችው ትምህርት ብዙውን ጊዜ 1 ክሬዲት ይያዛል። ከጎኑ ውጤቱ፣ ከታች ጂፒኤው፣ ከዚያ ፊርማሽና ቀኑ። ምን ምን እንደተማረች በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር የሚያስረዳ ወረቀትም አያይዢ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ እንዳትቀየሚኝ። የእናት «ኤ» የእናት «ኤ» ነው። ኮሌጆቹም ያውቁታል። ስለዚህ የውጭ ሰው የሰጠው ውጤት ከጎኑ ይኑር፦ ኤስኤቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተና)፣ ኤፒ (የሃይስኩል ልጆች የሚወስዱት የኮሌጅ ደረጃ ፈተና)፣ ወይም ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የአካባቢ ኮሌጅ) አንድ ሁለት ኮርስ።

«ኤፒ ክላስ ያልወሰደ ልጅ ኤፒ መፈተን ይችላል?» (አባት፣ ዳላስ)

ይችላል። ክላሱ ግዴታ አይደለም። ችግሩ መፈተኛ ቦታ ነው። በአካባቢህ ያለ ትምህርት ቤት እሺ ብሎ ፈተናውን ማዘዝ አለበት። ፈተናው ሜይ ላይ ነው፤ ማዘዣው ግን ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ይዘጋል። አንተ ገና ኦገስት ላይ መደወል ጀምር። እኔ ለእህቴ ልጅ የደወልኩት ኤፕሪል ላይ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ በጨዋ ደንብ ሳቀችብኝ።

«የድጋፍ ደብዳቤ ማን ይጻፍልን? አስተማሪዋ እኔ ነኝ።» (አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ የሚያመለክቱበት ድረ ገጽ) ላይ የካውንስለሩን፣ ማለትም የትምህርት ቤቱን አማካሪ፣ ቦታ አንተ ትሞላለህ። የአስተማሪ ደብዳቤ ግን ከዘመድ አይሁን። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያስተማራት ሰው ቢጽፍ ጥሩ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት በገና መደርደር ያስተማሯት መምህርም እንደ ተጨማሪ ደብዳቤ ያምራሉ። «ጎበዝ ልጅ ናት» ብለው ብቻ እንዳያልፉ እንጂ።

«ጂኢዲ (የሃይስኩል አቻ ፈተና) ከሌላት ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) አይፈቀድላትም ይሉናል።» (እናት፣ አትላንታ)

ወሬ ነው። በስቴቱ ሕግ መሠረት ሆምስኩል ከጨረሰች ለፌዴራል እርዳታ መጠየቅ ትችላለች። ቅጹ ላይ «ሆምስኩል» የሚል ምርጫ አለ።

«ልጄ 13 ዓመቱ ነው፤ ካልኩለስ ጀምሯል። ቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ላስገባው?» (እናት፣ ሲያትል)

አጠገብሽ ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከ1977 ጀምሮ ለእንደዚህ ዓይነት ልጆች ፕሮግራም አለው። መጀመሪያ አንድ ዓመት ትራንዚሽን ስኩል (መሸጋገሪያ ትምህርት ቤት) ይማራሉ፤ ከዚያ ከትልልቆቹ ጋር ይቀላቀላሉ። ካልኩለሱ አያሳስበኝም። ማለዳ ማን ይቀሰቅሰዋል? ያልገባውን ነገር ለማያውቀው ሰው ኢሜይል ጽፎ ጠይቆ ያውቃል? ሁለቱንም የምታደርጊለት አንቺ ከሆንሽ፣ እኔ ብሆን እቆይ ነበር። 11ኛ ክፍል ሲደርስ ረኒንግ ስታርት የሚባል ፕሮግራም አለ። ትዩሽን ሳይከፍል ኮሌጅ ይማራል፤ ለቤት ተማሪም ክፍት ነው። ታዲያ እዚያ ያመጣው «ሲ» የትም አይጠፋም። በኋላ የሚያመለክትበት ኮሌጅ ሁሉ ያንን ትራንስክሪፕት ይጠይቀዋል።

«የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ሳትሄድ እንዴት ዶክተር ትሆናለች?» (አያት፣ አዲስ አበባ)

እማማ፣ እዚህ አሜሪካ ሕክምና የሚገባው ከኮሌጅ በኋላ ነው። ያኔ በዋናነት የሚታየው የኮሌጅ ውጤቷና የመግቢያ ፈተናዋ ነው። ቤት መማሯ አያግዳትም። አሁን ግን ኬሚስትሪ ላይ ናት አሉ፤ ሲደውሉ እስቲ እሱን ይጠይቋት።