«ካንሰር ቢላ ከነካው ይበተናል?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ከአምስት ሳምንት በፊት የቆሽት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። የፓቶሎጂ ውጤቱ «ጠርዙ ላይ የካንሰር ሴል አለ፣ አር ዋን» ይላል። ሐኪሙ ትቶት ነው የወጣው? አክስቴ «ካንሰር ቢላ ከነካው ይበተናል ብዬ ነበር» ትላለች። ኬሞ ታዟል፤ እኛ ግን መጀመሪያ የባህል ሐኪም የሰጠንን ዱቄት ለአንድ ወር ልንሞክር አስበናል። ትናንት ማታ ብርድ ብርድ ብሏቸው አንቀጠቀጣቸው፤ ቤት የነበረ አሞክሳሲሊን ሰጠናቸው።

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። የቆሽት ራስ ተቆርጦ ሲወጣ የሐሞት ቱቦ ከአንጀት ጋር ይሰፋል፤ የአንጀት ባክቴሪያ በዚያ ሽቅብ ሊወጣ ይችላል። ማንቀጥቀጥና ትኩሳት ካለ በእጅ ባለ ክኒን አይታለፍም። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ይህን ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት መሄድ ነበረባችሁ።

ወደ ጥያቄዎ። ስለ ጠርዝ ይጠይቁኝ እንጂ እኔ ያነበብኩት «ፈርመን ያስገባናቸው እኛ ነን፤ እኛ ጎዳናቸው ይሆን?» የሚል ነው። አልጎዳችኋቸውም።

ተቆርጦ የወጣው ሥጋ ጠርዙ ቀለም ይቀባል። ከዚያ በስሱ እየተቆረጠ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የካንሰር ሴል ቀለሙ ላይ ከደረሰ አር ዋን ይባላል። አንዳንድ ቦታ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ ካልራቀ እንደዚያው ይቆጠራል። ሐኪሙ እያየ የተወው ዕጢ ቢኖር ኖሮ አር ቱ ነበር የሚባለው። ከቆሽት ራስ አጠገብ ደግሞ ለአንጀት ደም የሚያደርስ ትልቅ የደም ሥር አለ። ትንሽ ልጨምር ብሎ እሱን የቆረጠ አንጀቱን ይገድላል።

አሁን ወደ አክስትዎ። ይህ ወሬ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የቆሽት ካንሰር የያዘው አንድ ሰው ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ሥር ይጠጣል። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። ሰውነቱ ሲያልቅ ሆስፒታል ይመጣል። ሆዱ ሲከፈት ካንሰሩ ጉበት ላይ ደርሷል፤ መልሰው ይሰፉታል። በጥቂት ወር ያርፋል። ለቅሶ ቤት ምን ይባላል? «በእግሩ ሄዶ እኮ ነው የገባው፤ ከፍተው ዘጉት።» ሥር የጠጣበትን ሁለት ወር የሚያነሳ የለም። ይህን የሰማ ጎረቤት በተራው ሲታመም ቢላ ፈርቶ ይዘገያል። ስለዘገየም ተከፍቶ ይዘጋል። ወሬው አንድ ምስክር ጨመረ ማለት ነው! የአባትዎ ካንሰር ግን ጠርዙ ጋ የደረሰው ከቢላው በፊት ነው። የቆሽት ካንሰር ነርቭ ተከትሎ የመሄድ ክፉ ጠባይ አለው።

አልሸነግልዎትም፤ አር ዋን ሲሆን የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። ነገር ግን ኬሞ ጠርዙ ንጹሕ ለሆነም ሰው ይታዘዛል፤ ስለዚህ መታዘዙ በራሱ መርዶ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ይወስዳል። ቁስሉ ድኖ አቅም ሲያገኙ፣ ቢቻል በ12 ሳምንት ውስጥ ይጀመራል። አምስቱ አልፏል።

ታዲያ ከቀረው ላይ አንድ ወር ለዱቄት? በምን ሂሳብ? ምን እንደተቀላቀለበት እንኳ አታውቁም። ጉበታቸውን ካወከ ኬሞውም ይዘገያል። ቀምሰውት ከሆነ ሳይደብቁ ለካንሰር ሐኪሙ ይንገሩ፣ ዱቄቱንም ያሳዩ። አክስትዎንም ይዘዋቸው ይሂዱ። ጥያቄያቸውን እዚያው ይጠይቁ።